የ2,000 ብር ዕዳ የ20 ዓመት ቤት ሲከለክል

ወሩ ሊያልቅ ሲል ስልኩን አውጥቶ ብድር የማይጠይቅ ጓደኛ ካላችሁ፣ ወይ ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ወይ ደግሞ የተፈቀደለትን ጨርሷል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፎርም መሙላት የለ፣ ዋስ አምጣ የለ፣ "ነገ ተመለስ" የለ። ቁጥሩን መንካት ነው፣ ብሩ ይገባል። ታላቅ ወንድምን ከመለመን፣ ከዕቁብ ሰብሳቢ ጋር ከመነታረክ ይሻላል። በዚህ ላይ የምቃወመው ነገር የለኝም። እንደውም ለብዙዎቻችን ከባንክ ብድር ጋር የተዋወቅነው በዚህ በኩል ነው።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያቺ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ የተበደራችኋት ብር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የቤት ብድር ልትጠይቁ ስትሄዱ ቀድማችሁ ባንክ ገብታ ቁጭ ብላ ብትጠብቃችሁስ?

አንድ የማውቀው ልጅ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ባንኩንም አልጠራም። የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ደመወዙ በየወሩ በባንክ ይገባል፤ ከእጮኛው ጋር አምስት ዓመት ቆጥበው ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ይዘዋል። ቤቱንም አይተዋል፦ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ካርታው የወጣለት። ወረቀቱ ሁሉ ገባ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከብድር ክፍል ተደወለለትና "ያልከፈልከው ብድር አለ" ተባለ። ልጁ ዕዳ የለብኝም ብሎ ድርቅ አለ። ሲጣራ፣ ዩኒቨርሲቲ ሊመረቅ አካባቢ በስልኩ የወሰዳት፣ 2,000 ብር የማትሞላ ብድር ሆና ተገኘች። ሲሙ ጠፍቶበት ሌላ ቁጥር አውጥቶ ነበር፤ የማስታወሻው መልእክት ሁሉ ወደ ጠፋው ቁጥር ሲላክ ከርሟል። በዚያው ቀን ከነቅጣቷ ከፈላት። መክፈሉ ግን ነገሩን አልጨረሰውም። "ይጣራል፣ ጠብቅ" ተባለ። እሱ ሲጠብቅ ባለቤቱ ቤቱን ለሌላ ሰው ሸጠው።

"ታዲያ ለምን በጊዜው አልከፈለም?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ መክፈል ነበረበት። ዕዳ ዕዳ ነው፣ ትንሽ ናት ማለት ከዕዳነት አያወጣትም። እኔን ያልገባኝ የቅጣቱ ልክ ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ እንኳ በዱቤ ደብተሩ ላይ ስድስት ወር የቆየች የስኳር ሒሳብ ከከፈላችሁት በኋላ ያጉረመርምና ይሰርዛታል። በሚቀጥለው ሳምንት ዘይት ስትጠይቁት ትንሽ ያመነታል፣ ምናልባት ግማሹን አሁን ክፈሉ ይላል፣ ግን ይሰጣል። ባለሱቁ የተማረው የባንክ ሥራ የለም። የያዘው ዘዴ ግን በዓለም ላይ ያሉ የብድር ሥርዓቶች ብዙ ለፍተው የደረሱበት ነው።

አሠራሩን ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም ጓደኞቼን ስጠይቅ አብዛኞቹ አያውቁትም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። ባንኮች ማን ስንት እንደተበደረና እንዴት እየከፈለ እንደሆነ ወደዚያ ይልካሉ፤ ለአዲስ አመልካች ብድር ከመፍቀዳቸው በፊትም ከዚያው ያጣራሉ። መመሪያው ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ኋላም ተሻሽሏል። አንድ ብድር መክፈያው ካለፈ 90 ቀን ሲሆነው "የተበላሸ ብድር" ከሚባለው ውስጥ ይገባል። 180 ቀን ሲሞላው አጠራጣሪ፣ ዓመት ሲሞላው ደግሞ እንደጠፋ ገንዘብ ይቆጠራል። ይሄ የባንኩ የራሱ ሒሳብ ነው፣ ባንኩ ለሚያጋጥመው ኪሳራ መጠባበቂያ እንዲይዝ የሚያስገድደው። ለእናንተ ግን ስማችሁ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነው። የተበላሸ ብድር ያለበት ሰው አዲስ ብድር ይሰጠኛል ብሎ መጠበቅ የለበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንድ ነገር አለች። "የኔ ብድር እኮ ከቴሌ ነው" ይላል። አይደለም። ቴሌብር መላና እንደኪሴ በ2014 ሲጀመሩ ብሩን የሚያበድረው ዳሸን ባንክ ነበር። ሚቹም የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ነው። ስልኩ መስኮት ነው፤ ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ባንክ ነው። የ1,500 ብር ብድራችሁን የሰጣችሁ ተቋም ነገ የ3 ሚሊዮን ብር ብድር ልትጠይቁት ከምትሄዱት ጋር ወንድምና እኅት ነው፤ አንዳንዴም ራሱ ነው።

ድሮ ሲም መቀየር መሸሸጊያ ይሆን ነበር። ያ ዘመን እያለቀ ነው። ከ2017 ጀምሮ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ መታወቂያ ግዴታ ሆኗል። አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር። እኔ ይሄን እደግፋለሁ፤ በደንብ ከተሠራበት ለታማኝ ተበዳሪ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። በደንብ ካልተሠራበት ግን በ20 ዓመታችን ያጠፋናት ነገር በ40 ዓመታችንም ከኋላችን ትከተላለች።

አሁን ደግሞ ወደ ባንኩ ወንበር ልዙርና ከዚያ ልየው። ባንኩ የሚያበድረው የራሱን ገንዘብ ሳይሆን የናንተንና የእናታችሁን ተቀማጭ ነው። እናታችሁ ነገ መጥታ ልታወጣው ትችላለች፤ የቤት ብድር ግን 15 እና 20 ዓመት ታስሮ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ እንደነበር አስታውሱ። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ለ20 ዓመት ማበደር በጨለማ መንዳት ነው። በዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ አደረገ፤ ቆይቶ ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። ባንኩ የሚሰጠው ብድር ተቆጥሮ ሲሰጠው ምን ያደርጋል? በስድስት ወር መልሶ የሚከፍለውን አስመጪ ነጋዴ ይመርጣል። የቤት ብድር ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል፤ ትንሽ እንከን ያለበት የቤት ብድር ጠያቂ ደግሞ ሰልፉ ውስጥም አይገባም።

ለቤት ብድር የቆመ ባንክ የነበረን ጊዜ ነበር። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ፣ በ2008 ወደ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ። አሁን በግል በኩል ጎህ ቤቶች ባንክ የቤት ብድርን ዋና ሥራዬ ብሎ የተነሳ ባንክ ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ይሄ ምን ያህል እንደሆነ ለእናንተ ልተወው።

ስለዚህ የባንኩ ጥንቃቄ አይገርመኝም። የሚገርመኝ ጥንቃቄው ልክ እንደ መብራት ማብሪያ ሁለት ቦታ ብቻ ያለው መሆኑ ነው፦ ወይ በርቷል፣ ወይ ጠፍቷል። 2,000 ብር ዘግይቶ የከፈለና 20 ሚሊዮን ብር ወስዶ የጠፋ ሰው አንድ ጎን ሲቆሙ የሆነ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ የየባንኩ ወለድ ይለያያል። 1 ሚሊዮን ብር በዓመት 17 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ብትበደሩ በወር ወደ 14,670 ብር ትከፍላላችሁ። ባንኩ "የብድር ታሪክህ ትንሽ ስላላማረኝ 3 በመቶ እጨምርብሃለሁ" ብሎ 20 በመቶ ቢያደርገው ወርኃዊው ወደ 16,990 ብር ይወጣል። ልዩነቱ በወር 2,320 ብር ገደማ ነው፤ በ20 ዓመት ሲደመር ከ550,000 ብር ያልፋል። ቀላል ቅጣት አይደለም፤ ለአንዲት የተረሳች የስልክ ብድር ከበቂ በላይ ነው። ያ ልጅ ግን ይሄን ምርጫ ቢሰጡት ዓይኑን ሳያሽ ይፈርም ነበር። "ቅድሚያ ክፍያህን ከ30 በመቶ ወደ 40 በመቶ አድርገው" ቢሉትም ለቤተሰቡ ደውሎ ይሞክር ነበር። የተሰጠው መልስ "አይሆንም" ብቻ ነው። ዋጋ ያለው ቅጣት ሰው ይከፍለዋል፣ ይማርበታልም። የተዘጋ በር ግን ሰውን ወደ ደላላና ወደ አራጣ አበዳሪ ይመልሰዋል።

ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ እዚህ ላይ እጃችሁን እንደምታወጡ አውቃለሁ። ስቲግሊዝና ዋይስ እ.ኤ.አ. በ1981 የጻፉትን ሁላችንም ተፈትነንበታል፦ ባንክ ወለዱን ከፍ ባደረገ ቁጥር ጠንቃቃው ተበዳሪ ይሸሻል፣ "እከፍላለሁ አልከፍልም ምን ቸገረኝ" የሚለው ይቀራል፤ ስለዚህ ባንክ ዋጋ ከመጨመር ይልቅ መከልከልን ይመርጣል። ጥሩ መከራከሪያ ነው። ግን የሚሠራው ባንኩ ማን ጠንቃቃ ማን ግዴለሽ እንደሆነ መለየት ሲያቅተው ነው። እዚህ እኮ መለየት ይችላል! መረጃው ፊቱ ነው። ብድሩ ስንት እንደነበረ ያያል፣ ስንት ቀን እንደዘገየ ያያል፣ በመጨረሻ መከፈል አለመከፈሉን ያያል፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን የአምስት ዓመት ደመወዝ መስመር በመስመር ያያል። የመረጃ ማዕከሉ የተቋቋመው ባንኩ እንዲለይበት ከሆነ ባንኩ ይለይበት። ሁሉንም በአንድ ማጭድ ለማጨድማ ማዕከል አያስፈልግም ነበር።

ደግሞም ቤቱ አለ። የቤት ብድር ማለት ዋስትናው ራሱ ቤቱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ተበዳሪው መክፈል ካቆመ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የተያዘለትን ንብረት በጨረታ መሸጥ ይችላል። በጋዜጣ ላይ የሐራጅ ማስታወቂያ የምታዩት ከዚህ የተነሳ ነው። ይህን ያህል ጠንካራ ጡንቻ በሕግ የተሰጠው አበዳሪ ከአንዲት 2,000 ብር መሸሹ ይከብደኛል። እርግጥ የትኛውም ባንክ ቤት ሻጭ መሆን አይፈልግም፣ ሐራጅም ጊዜና ስም ያስከፍላል። ያም ሆኖ የቤት ብድር ምንም ዋስትና ከሌለው የስልክ ብድር ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም።

ጎረቤታችን ኬንያ ይሄን መንገድ ከኛ ቀድማ ሄዳበታለች፣ ወድቃበታለችም። በስልክ ማበደር እዚያ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ሚሊዮኖች በሁለት መቶና በአምስት መቶ ሺሊንግ ምክንያት በብድር መረጃ ቢሮዎች ጥቁር መዝገብ ላይ ሰፈሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ከ1,000 ሺሊንግ በታች የሆነ ዕዳ እንደ መጥፎ ታሪክ እንዳይመዘገብ ከለከለ። በኅዳር 2022 ደግሞ የስልክ ብድራቸው ለተበላሸባቸው ሰዎች ባንኮቹ ቢያንስ ግማሹን ዕዳ እንዲቀንሱላቸውና ቀሪውን ሲከፍሉ ታሪካቸው እንዲስተካከል የሚያደርግ ማዕቀፍ አወጣ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ተበዳሪዎችን የሚመለከት ነበር። እኔ የግማሽ ዕዳ ቅነሳውን ለኛ አልመኝም፤ በሰዓቱ የከፈለውን ሰው ሞኝ ያስመስለዋል። የመጀመሪያውን፣ ጥቃቅኗን ዕዳ ከመዝገብ ያስወጣውን ወለል ግን ነገ ብንኮርጀው ደስ ይለኛል። ኬንያ ከሚሊዮኖች በኋላ ያደረገችውን እኛ ከሚሊዮኖች በፊት ብናደርገው ምን አለበት?

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁን ደግሞ ጠይቁ። ቨርጂኒያ ወይ ሜሪላንድ ያለች አክስት ሁሉ ስለ "ክሬዲት" የምታወራው ነገር አላት፤ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ወሬ ነው። እዚያ ነጥብ አለ፣ ከ300 እስከ 850። የመንግሥት ዋስትና ባለው የኤፍኤችኤ የቤት ብድር ነጥቡ 580 የሆነ ሰው 3.5 በመቶ ቅድሚያ ከፍሎ ማመልከት ይችላል። ከ500 እስከ 579 ከሆነ 10 በመቶ ያስይዛል። አበዳሪው የራሱን መስፈርት ሊጨምርበት ይችላል፣ ግን ሕጉ ራሱ ደረጃ አለው። ዘግይቶ የተከፈለ ዕዳም ከሰባት ዓመት በኋላ ከታሪክ ይወጣል። የአሜሪካንን ሥርዓት ለማወደስ አይደለም፤ እሱም ስንቱን ቤት አልባ ያደረገ ነው። እንደ 2008ቱ ዓይነት እሳትም ከዚያ ነው የተነሳው። ግን ሁለት ነገር አለው፣ ደረጃና ጊዜ። መጥፎ ታሪክ ያለው ሰው ስንት እንደጎደለውና መቼ እንደሚያበቃለት ያውቃል። ያ የሒሳብ ሠራተኛ ግን ሁለቱንም አያውቅም።

እስካሁን ስለ መጥፎ ታሪክ ነው ያወራሁት። ከዚህ የሚብሰው ግን ጥሩ ታሪካችን አለመቆጠሩ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ዓመት ቤት የተከራየ ሰው 72 ጊዜ ከፍሏል ማለት ነው። አከራይ ደግሞ እንደ ባንክ 90 ቀን አይጠብቅም፤ አምስተኛው ቀን ላይ በር ያንኳኳል። ከዚህ የተሻለ የመክፈል ማስረጃ ከየት ይመጣል? ድሮ "ኪራይማ በእጅ ነው የሚከፈለው፣ ማን ያረጋግጣል" ይባል ነበር። አሁን ያ ምክንያት አይሠራም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። አከራይና ተከራይ በስንት ግፊያ ወረዳ ተሰልፈው ያስመዘገቡት ውል ለግብር ብቻ ነው እንዴ የሚያገለግለው? ውሉ አለ፣ የባንክ ዝውውሩ አለ፣ የፋይዳ ቁጥሩ አለ። ሦስቱን አገናኝቶ "ይህ ሰው ለ36 ወር ኪራዩን ሳያጓድል ከፍሏል" የሚል አንድ ገጽ ማውጣት ሮኬት ማምጠቅ አይደለም።

ይሄ ለኛ እንግዳ ሐሳብም አይደለም። የ40/60 እና የ20/80 ቤቶች ምዝገባ የተሠራው በዚህ መንፈስ ነው። በ20/80 ተመዝጋቢው 20 በመቶውን ይቆጥባል፣ 80 በመቶው ብድር ይሆናል፤ ማንም ስለ ብድር ታሪኩ አልጠየቀውም። በየወሩ ሳያቋርጥ መቆጠቡ ታሪኩ ሆነለት። ጥበቃው ስንቱን እንዳስመረረ አውቃለሁ፤ እኛም ቤት የ2005 የቁጠባ ደብተር አለ፣ እናቴ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ነው የምታስቀምጠው። ግን ሐሳቡ ትክክል ነበር። ዕቁብም ያው ነው። ሃምሳ ሳምንት ሳያጓድል የጣለን ሰው ሰፈሩ በሙሉ ያምነዋል፣ ባንኩ ግን አያውቀውም። ዕቁቡን ወደ ስልክ ያመጡ መተግበሪያዎች እየበዙ ስለሆነ ይሄም ቢሆን የማይመዘገብ ነገር አይደለም።

መረጃ ሲባል ደግሞ አንድ ፍርሃት አለኝ፣ ሳልናገር አላልፍም። ዳታ ይሳሳታል፤ አንዳንዴም ሰው ሆን ብሎ ያሳስተዋል። በሐምሌ 2014 የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ በወጣ በቀናት ውስጥ የተሰረዘው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በዳታው ውስጥ ተካተው ስለተገኙ ነው። ስማቸውን በዝርዝሩ አይተው እልል ያሉ ሰዎች በሳምንቱ እንባ ነበር። የብድር መረጃ ላይም ያልተበደርከው ብድር በስምህ ሊገኝ፣ የከፈልከውም "አልተከፈለም" ተብሎ ሊቆይ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለራስህ የተያዘን መረጃ የማየትና ስህተቱን የማሳረም መብት ይሰጥሃል። መብቱ በወረቀት አለ። የሚቀረው መብቱን ስልኬ ላይ ማግኘቴ ነው። ብድር በሁለት ደቂቃ የሚሰጠኝ መተግበሪያ የብድር ታሪኬን በሁለት ደቂቃ የማያሳየኝ ለምንድነው? "ተስማምቻለሁ" የሚለውን ከመንካቴ በፊት "ይህን ብድር በጊዜው ካልከፈልክ ወደፊት የቤትም ሆነ የመኪና ብድር ልትከለከል ትችላለህ" የሚል አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም በሶማሊኛም ቢጻፍ፣ ስንቱ ሰው ቆም ብሎ ያስባል።

አንድ የባንክ ሠራተኛ ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ሳወራለት "አንተ ሰውን አለመክፈል እያስተማርክ ነው" አለኝ። በፍጹም። እኔ የምለው ትንሿ ዕዳ ትመዝገብ፣ ግን በልኳ ትመዝን ነው። የተከፈለች ዕዳ የተከፈለችበት ቀን ይጻፍባት፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት ንጹሕ ታሪክ በኋላም ከውሳኔ ትውጣ። ብሔራዊ ባንክ ይሄን በአንድ የመመሪያ ማሻሻያ ሊያደርገው ይችላል፤ በጀት አይጠይቅም፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ አይጠይቅም። ጓደኛዬ ዝም አለና "ለዚህ እኮ የኛም አለቆች ደስ ይላቸዋል፣ መጀመሪያ የሚጀምረው ሰው መሆን ነው የሚፈሩት" አለ። ይሄኛው መልስ ከመጀመሪያው ይልቅ እውነት መሰለኝ።

መመሪያው እስኪሻሻል እናንተ ቤት ልትገዙ ካሰባችሁ ዓመት ቀድማችሁ ጀምሩ። መጀመሪያ በስልካችሁ ያሉትን የብድር አገልግሎቶች አንድ በአንድ ክፈቱና ቀሪ ዕዳ ካለ እዩ፤ የድሮ ሲም ካላችሁ በተለይ እሱን። ቁጥሩ በስማችሁ ከነበረ ቴሌ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ማስመለስ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልተቻለም በቀጥታ አበዳሪው ባንክ ሄዳችሁ በመታወቂያ አስፈልጉት። ያገኛችሁትን ክፈሉ፣ አምስት ብርም ብትሆን። ለጓደኛ ወይም ለዘመድ ብድር ዋስ ሆናችሁ የፈረማችሁ ካላችሁም ደውላችሁ "እየከፈልክ ነው ወይ?" ማለት አይከብዳችሁ፤ እሱ ካልከፈለ ባንኩ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው።

ከዚያ ከዕዳ ነጻ መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ክሊራንስ የሚባለውን፣ በማኅተምና በቀን ተቀበሉ። በቃል "አልቋል" ቢሏችሁ አትውጡ። የቤት ብድር ማመልከቻውን ስታስገቡ "ይህች ብድር ነበረችብኝ፣ በዚህ ምክንያት ዘገየች፣ በዚህ ቀን ከፈልኳት" ብላችሁ ራሳችሁ ቀድማችሁ በአጭር ደብዳቤ አስረዱና ክሊራንሱን አያይዙት። የብድር ባለሙያው ከማዕከሉ ሲያገኛት የደበቃችሁት ነገር ሆና እንዳትታየው። የኪራይ ውላችሁን ቅጂና የሦስት ዓመት የኪራይ ዝውውር ከባንክ የወጣ መግለጫም አብራችሁ አስገቡ፤ ማንም ባይጠይቃችሁም። አንዱ ባንክ እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁና ሌላ ባንክ ሂዱ። ሻጩን ደግሞ የብድር መልስ እስኪመጣ የሚጠብቃችሁን ቀን በውል ላይ አስፍሩ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት።